ከግዞት ምድር ወደ አየር በር

እንግሊዞች በአፍሪካ ድል የነሷቸውን ነገሥታት ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ያግዙ ነበር። የቡጋንዳው ንጉሥ ሙዋንጋና የቡኒዮሮው ካባሌጋ እ.ኤ.አ. በ1901 ወደዚያ ተወሰዱ። ሙዋንጋ በ1903 እዚያው አረፉ፤ ካባሌጋም ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው በ1923 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቡኒዮሮን ሳያዩ ጂንጃ ላይ ሞቱ። ለግዞተኞቹ የግንብ አጥር አላስፈለገም፤ ውቅያኖሱ ይበቃ ነበር። ነዋሪውም ቢሆን የመርከብ ጠባቂ ነበር።

በ1971 በማሄ ደሴት፣ ባሕሩ ተሞልቶ በተሠራው ሜዳ ላይ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አረፉ። ሲሸልስ በ1976 ነፃ ስትወጣ፣ በዓመቱ መንግሥት ሁለት ትናንሽ የአየር ኩባንያዎችን ገዝቶ ብሔራዊ አየር መንገድ አቋቋመ፤ በ1978ም «ኤር ሲሸልስ» ተባለ። ከማሄ ወደ ፕራስሊን ደሴት የሚደረገው በረራ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

የተከፈተ በር ግን ወዳጅን ብቻ አያስገባም። በኅዳር 1981 ቅጥረኛ ወታደሮች መንገደኛ መስለው፣ መሣሪያ በሻንጣ ደብቀው ማሄ ገቡ። ጉምሩክ ላይ ሲነቃባቸው ተኩስ ከፈቱ፤ በመጨረሻም የሕንድ አውሮፕላን ጠልፈው ሸሹ።

ቀጣዩ ፈተና ዕዳ ሆነ። በ2012 የአቡዳቢው ኢትሃድ 40 በመቶ ድርሻ ገዛ፤ በ2021 ድርሻው ወደ መንግሥት ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ከዕዳው እንዲያገግም በአስተዳዳሪ ሥር ገባ፤ ሳይፈርስም ወጣ። መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ላላት አገር አየር መንገድ ማቆየት ከባድ ሸክም ነው። ሆኖም የካባሌጋን ዘመን የሚያስታውስ ሰው፣ ደሴተኞቹ ይህን ሸክም ለምን እንዳልጣሉት ይረዳል።