የሐራ ገበያ ባቡር መስመር ድልድዮች

የሐራ ገበያ ድልድዮች ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሰሜን ወሎ ድረስ የተዘረጋው፣ መደበኛ አገልግሎት ግን ያልጀመረው የባቡር መስመር አካል ናቸው። ላሊበላ ያለበት ላስታ ግን ሐዲድ ደርሶት አያውቅም፤ ከላሊበላ የሚነሳ ጎብኚ ጋሸና ላይ የቻይና መንገድ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ወልድያ ይወርዳል፤ ሐራ ገበያ ከዚያ ወዲያ ቆላው ላይ ነው። እነዚህን ድልድዮች ፍርስራሽ ማለት ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ድልድይ ከሥራ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ አርጅቶ ሳይሆን ከወዲህና ከወዲያ የሚያገናኘው ሲቋረጥ ነው። አዋሽ ላይ ያለው አሮጌው የምድር ባቡር ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ድልድዩ ብዙ አይቷል። በ1933 ዓ.ም. የሚያፈገፍገው የጣልያን ጦር አፈረሰው፤ ተመልሶ ተሠራ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ እንኳ መስመሩ አልተዘጋም። የጎዳው የጥገና እጦት ነው፤ የተካው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲስ መስመር። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር በመሆኑ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም።

በሰሜን ወሎም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መስመር እንዲሠራ በ2004 ዓ.ም. ውል የተፈራረመው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው፤ ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነበር። ተራራው አላስኬድ አለ የሚሉ አሉ። ወጪውን ማብዛቱ አይካድም፤ ሆኖም ዋሻው ተፈልፍሏል፣ ሸለቆውም በኮንክሪት ምሰሶ ተሻግሯል። የጎደለው ሌላ ነው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነውና መብራት ካልደረሰው ሐዲዱ ለብቻው ፋይዳ የለውም። ገንዘቡም በየጊዜው ተጓተተ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ከገባ በኋላ ደግሞ የፕሮጀክቱ ካምፖች ተዘረፉ።

ድልድዮቹ እንደ ታሪክ ቦታ ይጠበቁ ሲባል፣ ያላለቀ ሥራ እንዴት የታሪክ ቦታ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ቅርስ ለመባል በእርግጥ ገና ነው። ጥበቃ ግን ዕድሜ አይጠብቅም፤ ብሎኑ እየተፈታ ብረቱ ከተወሰደ በኋላ የሚመጣ ዘብ የሚጠብቀው ባዶ ምሰሶ ነው። ከወልድያ ወደ ወረታ ሊዘረጋ የታሰበው፣ ለላስታም የሚቀርበው መስመር ከወረቀት አልወረደም። መነሻው የሐራ ገበያው ሐዲድ ስለሆነ፣ የቆላው ድልድዮች ካልተጠበቁ ደገኛው ባቡር የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።