ሊባኖስ ያልጨረሰችው የታሪክ መጽሐፍ

ከማኅበራችን አባላት መካከል ቤይሩት ሠርተው የተመለሱ አሉ። ቡና ላይ ስለዚያች ከተማ ሲነሣ በጥይት የተበሳሱትን ግድግዳዎች ሳያነሡ አያልፉም። «ማን ነው የተኮሰው ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ እንደ ሰፈሩ ነው» ትለናለች አንዷ። የአሠሪዎቿ ልጆች የታሪክ ደብተር ላይ ግን ጦርነቱ የለም።

ለምን የለም? (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ አገራችን ስናነሣ ብቻ በራሳችን እንቆጥራለን።)

የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1975 እስከ 1990 ቆየ። የክርስቲያን፣ የሙስሊም፣ የድሩዝና የፍልስጤም ታጣቂዎች ተዋጉበት፤ የሶርያና የእስራኤል ጦርም ገባበት። በ1989 የምክር ቤት አባላቱ ሳዑዲ አረቢያ ጣይፍ ከተማ ላይ ሲስማሙ፣ ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ የታሪክና የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ አንድ ይሁን የሚል ነበር። የሰላም ስምምነት ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍ መግባቱ መጀመሪያ አስገርሞን ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን መጽሐፍ ይመርጡ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ሊባኖስን ከጥንት ፊንቄያውያን ይመዝዛታል፣ ሌላው የዓረብ አገር መሆኗን ያስቀድማል።

የሥነ ዜጋው መጽሐፍ ወጣ። የታሪኩ ሥርዓተ ትምህርት በ2000 ጸደቀ፤ በ2001 ግን የትምህርት ሚኒስትሩ የሦስተኛ ክፍሉን መጽሐፍ አገዱት። አንድ ትምህርት የዓረቦችን መምጣት ወርረው ከሄዱ የውጭ ኃይሎች ጋር ቆጥሮታል ተባለ። የስምንት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ነው እንግዲህ! በ2012 እንደገና ተሞከረ። ያኔ ደግሞ የ2005ቱ ፀረ ሶርያ ሕዝባዊ ንቅናቄ ምን ተብሎ ይጠራ በሚል ጠብ ተነሣ፤ ወጣቶች ሰልፍ ወጡ፣ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፣ መጽሐፉም ቀረ። ትምህርቱ ነጻነት ከተገኘበት ከ1943 ብዙም ሳያልፍ ይቆማል።

በ1991 የምሕረት ሕግ ወጣ፤ ከጦር መሪዎቹም በርካቶቹ ሚኒስትርና የምክር ቤት አባል ሆኑ። የአማል ታጣቂዎች መሪ ናቢህ ቤሪ ከ1992 ጀምሮ አፈ ጉባኤ ናቸው። በሒሳብ ሥራ የራሱን ወጪ ራሱ የሚያጸድቅ ሠራተኛ አይፈቀድም። እዚያ መጽሐፉን የሚያጸድቁት ስማቸው መጽሐፉ ውስጥ ሊገባ የሚችል ሰዎች ናቸው።

ታሪኩን አንጠልጥለው የቆዩት በአመዛኙ ሴቶች ናቸው። ዊዳድ ሐልዋኒ በ1982 ባሏ ከቤት ተወሰደ። እንደ እርሷ ሰው የጠፋባቸው እንዲሰባሰቡ በሬዲዮ ጠራች፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች መጡ። የጠፉት ቁጥር ብዙ ጊዜ 17,000 ተብሎ ይጠቀሳል። ሴቶቹ ፎቶግራፍ ይዘው ሲመላለሱ ኖረው፣ የጠፉትን የሚፈልግ ኮሚሽን እንዲቋቋም የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በ2018 ነው። ዊዳድ የጠራቻቸው በአንድ ወገን የቆሙትን ብቻ አልነበረም።

በእኛም ማኅበር በ2014 ከወሎ የተፈናቀሉ፣ ትግራይ ውስጥ ወገን የሞተባቸው፣ ልጃቸው ዘምቶ ያልተመለሰ እናቶች አብረው ዕቁብ ይጥላሉ። ስለዚያ ጊዜ በስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ባለፈው ቅዳሜ የአንዷ ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ ቢሯችን መጣና «ጦርነቱ ስንተኛ ምዕራፍ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀን። መጽሐፉን ተቀብለን ማውጫውን አየንለት።