ትራክተሩ አልነሳም ሲል፦ ከአምቦ መካኒክ ከመጥራታችሁ በፊት

ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ካቺሲ ላይ ትራክተር ያለው ሰው ስልኩ አያርፍም። ጊንደበረት ውስጥ ጤፉም ስንዴውም የሚዘራው ዝናቡን ተከትሎ ስለሆነ የእርሻው ጊዜ አጭር ነው። ወራት ሙሉ ቆሞ የከረመ ማሲ ልክ በዚያ ሰዓት አልነሳም ካለ፣ መካኒክ ከአምቦ ወይም ከጊንጪ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። ባለ ትራክተሩ ገቢውን ያጣል፣ ወረፋ የያዘው ገበሬ ደግሞ የዘር ጊዜው ያልፍበታል።

ቆሞ የከረመ ትራክተር አልነሳም ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ አይደለም። ባትሪው፣ ናፍጣው ወይም ናፍጣው ውስጥ የገባ አየር ነው። ሦስቱንም ከተራ ቁልፍና ከስልካችሁ መብራት ሌላ ብዙ ዕቃ ሳያስፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እዚህ የምንናገረው በየገጠሩ ስለሚታዩት ስለ ሁለቱ አሮጌዎች ነው። አንዱ ማሲ ፈርጉሰን ነው፤ በተለይ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተሩ 135። ሌላው በደርግ ጊዜ በሶቪየት ድጋፍ ናዝሬት (አዳማ) ላይ ይገጣጠም የነበረው ባለ 80 ፈረስ ጉልበቱ ቤላሩስ ነው። ሁለቱም ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የላቸውም፣ ለእኛም የሚበጀን ይሄው ነው።

በመጀመሪያ ቁልፉን አዙሩና ጆሯችሁን ስጡ።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት ማርሹን እዩ። ማሲ 135 ላይ የከባድና ቀላል ማርሽ መለወጫዋ አጭሯ ዘንግ ዜሮ ላይ ካልሆነች ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ አያገኝም። ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ነው። ዘንጓን አንዴ ወዲያ ወዲህ አድርጋችሁ ዜሮ ላይ መልሷትና እንደገና ሞክሩ። በዚህ ብቻ የተነሳ ትራክተር ብዙ ነው፣ ባለቤቱ ግን አፍሮ አይናገርም።

ቀጭ ቀጭ ብሎ ካቆመ፣ ወይም እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ፣ ነገሩ ባትሪው ወይም ገመዱ ጋ ነው። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ሙቅ ውሃ አፍሱበትና በብሩሽ ፈትጉት። ገመድ ስትፈቱ ከትራክተሩ አካል ጋር የተያያዘውን፣ ማሳ የሚባለውን፣ መጀመሪያ ፍቱ፤ ስታስሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ እሰሩት። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የማሳውን ሌላኛውን ጫፍም አትርሱት፤ ዝገትና ቀለም እዚያ ይደበቃል። ቮልት መለኪያ ካላችሁ የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፣ 12 ከሆነ ሊያልቅ የደረሰ ነው። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው (አምቦ ውሃ ለጨጓራ እንጂ ለባትሪ አይሆንም፣ ማዕድን አለው)። ባትሪ ላይ ክብሪት ጭራችሁ እንዳታዩ፣ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

አሁን ሰው የሚሞትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ቁልፉ አልሠራ ሲል ከመሬት ቆሞ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ "ዳይሬክት" ማገናኘት የተለመደ ነው። ያን ስታደርጉ ከላይ የነገርናችሁን መከላከያ አልፋችሁታል። ማርሽ ገብቶ ከነበረ ትራክተሩ ወዲያው ተነስቶ ይሄዳል፤ እናንተ ደግሞ የቆማችሁት ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት ነው። ዘሎ ማምለጥ ለሚባለው ነገር ጊዜ የለም። ልምድ ያለው ሰውም ቢሆን ሲያደርግ ካያችሁት አስቁሙት።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልነሳ ደግሞ ጓደኛችሁ ቁልፉን ሲያዞር የጭስ ማውጫውን እዩ፣ በስልክም ቅረጹት። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት፤ ሞተሪኖ ይቃጠላል።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ አይደለም። የማጥፊያውን ገመድ እዩ፤ ማሲው ላይ ተስቦ የሚያጠፋው እጀታ ተመልሶ ካልገባ ዓመት ብታዞሩትም አይነሳም። ቀጥሎ ታንኩን፣ የታንኩን ቧንቧ፣ ከዚያ ፊልትሮውን። ከሥሩ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ከታች፣ ናፍጣ ከላይ ሆኖ ይታያችኋል። ውሃውን አፍስሱ፣ የቆየ ፊልትሮ ለውጡ።

ፊልትሮ ከተፈታ ወይም ናፍጣ ካለቀ መስመሩ አየር ይስባል፣ አየሩ ካልወጣም ሞተሩ አይነሳም። ማሲው ላይ ከሞተሩ ጎን ባለችው ትንሽ ፖምፓ ሥር የእጅ መግፊያ አለች፤ ቤላሩሱ ላይ ደግሞ ጠምዝዛችሁ ፈታችሁ ወደ ላይ ወደ ታች የምትገፏት እጀታ ናት። ማሲው ላይ መግፊያዋ ከላላችና ካልሠራች ሞተሩን በትንሹ አዙሩትና እንደገና ሞክሩ። መጀመሪያ የፊልትሮውን የአየር ብሎን፣ ቀጥሎ የዋናውን ፖምፓ የአየር ብሎኖች አላሉና አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ግፉ፣ ከዚያ እሰሩ። በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተር የሚሄዱትን ቧንቧዎች ጫፍ በግማሽ ዙር አላሉ፣ ሞተሩን አዙሩ፣ ናፍጣ ብቅ ሲል አጥብቁ። እጃችሁን እዚያ እንዳታስጠጉ፤ ግፊቱ ከ150 ባር በላይ ነው (የመኪና ጎማ 2 ባር አካባቢ ነው)፤ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በፍጥነት ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ነጭ ጭስ እየወጣ ካልነሳ ናፍጣ እየደረሰ ነው፣ ግን አልተቀጣጠለም። ደጋ ላይ ጠዋት ይህ የተለመደ ነው። ማሲው ማሞቂያ ካለው ቁልፉን ማሞቂያው ላይ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያዙና ከዚያ አስነሱ። ማሞቂያው በሚሠራበት ጊዜ ኤተርም ሆነ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ ማድረግ ፍንዳታ መጥራት ነው። ፀሐይ ወጥቶ ሞቆም፣ ባትሪውም ጠንክሮ፣ ነጭ ጭሱ ካልቀረ ፋሻው ወይም ቫልቩ ሊሆን ስለሚችል ያኔ የመካኒክ ሥራ ነው።

መካኒኩን ስትደውሉለት "አልነሳም" ብቻ አትበሉት። የጭሱንና የድምፁን ቪዲዮ፣ የሞተሩን ሞዴል ፎቶ፣ የባትሪውን ቮልትና እስካሁን የነካችሁትን ላኩለት። የትኛውን መለዋወጫ ይዞ እንደሚመጣ ከዚያ ያውቃል፣ ሁለት ጊዜ መመላለስም ይቀራል። ዋናውን የናፍጣ ፖምፓ ግን እሱም ቢሆን ሜዳ ላይ እንዳይፈታው፤ ውስጡ እጅግ ጥብብ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ አቧራ ያበላሸዋል፣ መልሶ መገጣጠሙም የመለኪያ ማሽን ይፈልጋል።

ከተነሳላችሁ የዘይቱን ግፊት ማሳያ እዩ፤ ካልተነሳ ወይም መብራቱ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ደህና ከሆነ ባትሪው እንዲሞላ በሥራ ላይ ቆይ በሉት፣ ማታ ደግሞ ታንኩን ሞልታችሁ አቁሙት። ባዶ ታንክ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ያ ውሃ ነው ጠዋት ፊልትሮው ውስጥ የምታገኙት።