በአምስተርዳም የተቃጠለው መዝገብ ቤት

ማርች 27 ቀን 1943 (እ.ኤ.አ.) ምሽት የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሰዎች በአምስተርዳም ወደሚገኘው የነዋሪዎች መዝገብ ቤት ገቡ። ዘበኞቹን በመርፌ አደንዝዘው አጠገቡ ወዳለው የአራዊት ማቆያ ግቢ አወጧቸው። ካርዶቹን ከየመሳቢያው አውጥተው ወለሉ ላይ ከመሩና ፈንጂ አጠመዱ። መሪዎቹ ወታደሮች አልነበሩም፤ ዊለም አሮንዴውስ ሠዓሊ፣ ኸሪት ፋን ደር ፌን ቀራፂ ነበሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ነገሩ ገብቷቸው አውቀው ዘገዩ፤ ሲደርሱም ከእሳት የተረፈውን ወረቀት በውሃ አበሰበሱት።

የጠላት ጦር ሰፈር እያለ ወረቀት ለማቃጠል ነፍስን መስጠት ለምን አስፈለገ?

ሆላንድ ከጦርነቱ በፊት በአውሮፓ ከተደራጁት የሕዝብ መዝገቦች አንዱ ነበራት። እያንዳንዱ ነዋሪ ካርድ አለው፦ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ሃይማኖት። ቤት ሲቀይር ካርዱ ይከተለዋል። «ሃይማኖት» የሚለውን መስመር ያስገባው ሰው ክፉ አላሰበም። ጠያቂው የገዛ መንግሥት፣ ዘመኑም የሰላም ነበርና ሰው ሳይሰጋ ሞላ። በ1940 ጀርመን አገሪቱን በአምስት ቀን ስትይዝ ካርዶቹ በየመሳቢያቸው ተቀምጠው ጠበቋት።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ይገርማል። በጃንዋሪ 1941 ከአያቶቹ አንዱ እንኳ አይሁዳዊ የሆነ ሁሉ ቀርቦ እንዲመዘገብ ታዘዘ፤ አብዛኛው ሰው ቀረበ። ይህን የዋህነት ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን መዝገቡ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ምኑን ይደብቃል? በዚያው ዓመት የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ለወራሪው ካርታ አዘጋጁለት፤ በካርታው ላይ እያንዳንዷ ነጥብ 10 አይሁዳውያንን ትወክላለች። ከሆላንድ 140,000 ገደማ አይሁዳውያን 102,000 ያህሉ አለቁ፤ ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። በፈረንሳይ የሞቱት ከአራቱ አንድ ገደማ ናቸው። ልዩነቱን ሁሉ በመዝገብ ማሳበብ አይቻልም፤ የወረራው አስተዳደር ዓይነትም፣ መሸሸጊያ ተራራ የሌለው መሬትም አለበት። የቤት ቁጥሩን የሰጠው ግን መዝገቡ ነው።

ቃጠሎው ያጠፋው ከካርዶቹ 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በዚያ ሳቢያ 12 ሰዎች ጁላይ 1 ቀን 1943 ተረሸኑ።

ሆላንዳውያን አልረሱም። በ1971 የሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ብዙዎች «አንሞላም» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት የሚደረግ ቆጠራ ቀረ። በምዕራብ ጀርመንም ተመሳሳይ ተቃውሞ ተነሥቶ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 15 ቀን 1983 ስለ ራሱ መረጃ የመወሰን መብት የግለሰቡ ነው ሲል ፈረደ።

በአገራችን የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። ያ መስመር በክፉ ቀን ኬላ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ አምስተርዳም ድረስ መሄድ አያሻም። ፋይዳ ይህን መስመር አልያዘም፤ በ2016 ዓ.ም.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ደግ ነው። ግን አዋጁ በዋናነት የሚመለከተው ሌላው ሰብስቦ የያዘውን መረጃ ነው። የትውልድ ቀበሌውን፣ የልጁን ዩኒፎርም ከነትምህርት ቤቱ ስም፣ የሠርጉን ቪዲዮ ከነቤተ ዘመዱ ፌስቡክ ላይ የሚያሰፍረው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። የአምስተርዳሙ ጸሐፊ ካርዱን ለመሙላት ቢያንስ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። እነ አሮንዴውስም የሚያቃጥሉት ካርድ የትኛው ሕንፃ ውስጥ እንዳለ ያውቁ ነበር።