አግራውን ማን ይክፈል?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ድሮ በየቤታችን ብዙ ያጨቃጨቀ ነው፦ የራዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ፣ እኛ በለመድነው አጠራር «አግራ»። የሚያየውም የማያየውም፣ ሀብታሙም ድሃውም መክፈል አለበት ወይ? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አባቴ የአግራውን ወረቀት ይዘው ወደ ፖስታ ቤት ሊሄዱ ሲነሱ፣ አጎቴ (የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው) «አያ፣ ለማይሰሙት ቋንቋ ገንዘብዎን ለምን ይሰጣሉ?» ይሏቸው ነበር። አባቴም «የእኛም ሰው እኮ እዚያ ውስጥ ይናገራል። እኛ ካልከፈልን ማን ሊያናግረን ነው?» ብለው ይሄዳሉ። ያኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው።

ነገሩ ከእንግሊዞች የመጣ ነው። ከ1922 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ራዲዮ ያለው ሰው በዓመት 10 ሺሊንግ እየከፈለ ፈቃድ ያወጣ ነበር፤ ከዚያም ገንዘብ ለቢቢሲ ይደርሰው ነበር። ይህችን አገር ሲያስተዳድሩም ያንኑ ልማድ ይዘው መጡ። ማርች 30 ቀን 1936 የኢየሩሳሌም ራዲዮ ተከፈተ። ማሰራጫው ረመላ ውስጥ ሳይሆን ራማላ ነበር፤ ንግግሩም በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ። ልብ በሉ፦ የክፍያው ሥርዓት አንድ፣ ቋንቋው ሦስት። እያንዳንዱ ሰው ለራሱም ቋንቋ ለጎረቤቱም ቋንቋ ከፈለ ማለት ነው።

መንግሥት በ1948 ከተመሠረተ በኋላ ራዲዮው «ቆል እስራኤል» ተባለ፤ ለብዙ ዓመታትም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሥር ነበረ። በ1965 ክኔሴት ሕግ አውጥቶ የስርጭት ባለሥልጣን የሚባለውን «ረሹት ሃሺዱር» አቋቋመ። ሐሳቡ ራዲዮው የመንግሥት አፍ ሳይሆን የሕዝብ እንዲሆን ነው። ቴሌቪዥን በ1968 ሲጀመርም ወጪው በዋናነት በአግራ ተሸፈነ።

የዚህ ነገር ጥቅም ለእኔ የገባኝ በጃንዋሪ 1991 ነው። የኢራቅ ሚሳኤል ሲመጣ በራዲዮ «ናሓሽ ጼፋ» ይባላል፤ እፉኝት ማለት ነው። እኛም ጭንብላችንን አጥልቀን፣ በፕላስቲክ በታሸገ ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። እኔ በሙሴ ዘመቻ የመጣሁ ልጅ ስለሆንኩ ዕብራይስጡን እሰማለሁ፤ እየተረጎምኩ ብነግራቸውም እናቴ አያምኑኝም። በድንጋጤ ሰዓት የልጅ ወሬ ማን ያምናል? በኋላ ከራዲዮው መመሪያው በአማርኛ ሲነገር ነው እናቴ እጃቸውን ከአፋቸው አንስተው «ተመስገን አምላኬ» ያሉት። አጎቴም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ስለ አግራ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በዚያው ዓመት ለአዲስ ገቢዎች የሚሆነው የራዲዮ ጣቢያ «ሬቃ» ተከፈተ። አብዛኛው በሩሲያኛ ነበር፤ አማርኛም የራሱን ሰዓት አገኘ። በሜይ ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ገቡ። ሆቴልና ካራቫን ውስጥ ለሚኖር፣ ኪሱ ውስጥ ሰቅል ለሌለው ሰው የትኛው ነጋዴ ማስታወቂያ ሊያስነግር ይችላል? ገበያ የሚያናግረው የሚገዛውን ነው። እነዚህን ሰዎች ያናገራቸው የሁሉም ገንዘብ ነው።

ይሁን እንጂ የአጎቴም ክርክር ባዶ አልነበረም። ከኖቬምበር 1993 ጀምሮ በማስታወቂያ የሚተዳደረው ሁለተኛው ቻናል ሲመጣ ብዙ ተመልካች ወደዚያ ሄደ፤ አግራው ግን ቀጠለ። ቪላ ያለው ሰውና ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት የሚጠየቁት መደበኛ ሂሳብ አንድ ነበር። ያልከፈለ ሰው ነገሩ እስከ ጠበቃና «ሆጻኣ ለፖዓል» ይደርስበት ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ ሙሉ ከፍሎ የሚያገኘው ቁራሽ ሰዓት ነው። ታዲያ ሕዝቡ ቢያማርር ምን ይገርማል?

በ2014 ክኔሴት የቴሌቪዥን አግራውን የሚያስቀርና ባለሥልጣኑን የሚዘጋ ሕግ አወጣ። ሜይ 9 ቀን 2017 «ማባት» የሚባለው የዜና ፕሮግራም ለመጨረሻ ጊዜ ሲተላለፍ አቅራቢዋ እያለቀሰች ነው የተሰናበተችው። ሜይ 15 ደግሞ «ካን» ተተካ፤ ሬቃም በእሱ ሥር ቀጠለ።

ብዙ ሰው «አግራ ቀረ» ብሎ ተደሰተ። ግን ቀረ ወይ? መኪና ያለው ሰው ዓመታዊ ፈቃዱን ሲያድስ የራዲዮውን አግራ አብሮ ይከፍላል። መኪና የሌለውም ቢሆን ከመንግሥት በጀት የሚወጣው ግብሩ ነው። ክፍያው አልጠፋም፤ ከዓይን ነው የራቀው። ከዓይን የራቀ ገንዘብ ደግሞ ባለሥልጣን እንደፈለገ የሚያዝበት ይሆናል። በ2023 መጀመሪያ ላይ የመገናኛ ሚኒስትሩ ሽሎሞ ካርሂ በዚህ ዘመን የሕዝብ ስርጭት አያስፈልግም ብለው ገንዘቡን ለማንሳት ሲነሱ አይተናል።

እንግዲህ እኔ ወደ አባቴ አደላለሁ፤ ሁሉም ይክፈል። ይዘነው የመጣነው እድር እኮ እንዲሁ ነው፤ ሰው የሚያዋጣው ሐዘን ቤቱ እስኪገባ ጠብቆ አይደለም። ነገር ግን ሁሉም እንደ አቅሙ ይክፈል፤ ገንዘቡም በሕግ ታስሮ ከሚኒስትር እጅ ይራቅ። ለሚከፍለውም ሕዝብ በቋንቋው የሚገባው ሰዓት ይሰጠው።

አባቴ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። አጎቴ ግን ዛሬም አሉ፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የአማርኛው ሰዓት ሲደርስ ራዲዮውን ጆሯቸው አጠገብ ያስጠጋሉ፤ ያን ጊዜ ማንም እንዲያወራ አይፈልጉም። ያንን የሚኒስትሩን ወሬ የሰሙ ዕለት ደውለው «ልጄ፣ ሊዘጉት ነው ወይ?» አሉኝ። «አይ፣ ገና ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያ የሚከፈል ካለ ንገሪኝ» አሉ።

ሰንበት ሰላም ይሁንላችሁ።