የማርቆስ ጋራዦች የብልጭታ ዘመን
የዓባይን በረሃ የሚያቋርጡት ከባድ መኪኖች አብዛኞቹ ናፍጣ ናቸውና ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ አያውቁም። እኔ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ስገባ የብልጭታ ጣጣ የቮልስና የቤንዚን ላንድሮቨር ዕዳ ነበር።

መኪና እያሳለ ሲመጣ አለቃዬ መጀመሪያ ካንዴላ ይፈታል። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ካንዴላውን አይኮንንም። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ያው መኪና ከደጀን ቁልቁል ዓባይ ድልድይ ሲደርስ ይሻለዋል።

ቀጥሎ የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ትንሽ ያርቅና «አስነሳ!» ይለኛል። ብልጭታው ሰማያዊና ወፍራም ከሆነ የብልጭታውን ኃይል የሚያመነጨው ቦቢና ደህና ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ወደሚያቋርጠው ፑንቲና እንሄዳለን። የቮልስ ፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊቱ የተበላውን በቀጭን ሞረድ እናስተካክላለን። ቶሎ ቶሎ ከተበላ ኮንደንሰሩን እንጠረጥራለን። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ለካዲላክ የሠራው ይህ የፑንቲናና የቦቢና ዘዴ ከስልሳ ዓመት በላይ ዓለምን ነድቷል።

ሐምሌ ግን የራሱ በሽታ አለው። ሌሊት የዲስትሪቢዩተር ክዳን ውስጡን ያልበዋል፤ ጠዋት መኪናው አልነሳ ይላል፤ መድኃኒቱ ደረቅ ጨርቅ ነው። ስንቱ ለዚህ ብሎ አዲስ ባትሪ ገዝቷል!

ዛሬ በየካንዴላው አናት የራሷ ቦቢና ያላት ቪትዝ ትመጣለች። ልጆቹ ኮምፒውተር ይሰካሉ፤ «ሦስተኛው ሲሊንደር» ይላቸዋል። የሦስተኛውን ቦቢና ከሁለተኛው ጋር ይለዋውጣሉ፤ ጥፋቱ አብሮ ከተዛወረ ቦቢናው ነው። ይህን ብልሃት ወድጄላቸዋለሁ።