ቻትስወርዝና ባለርስቶቹ

በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሻየር አውራጃ፣ በደርወንት ወንዝ ዳር ቻትስወርዝ የሚባል የመሳፍንት ቤት አለ፤ የዚህን ቤት ታሪክ የሚመረምር ሰው፣ ርስት በጋብቻ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ በሹመት እንዴት እንደሚከብር፣ በግብርም እንዴት እንደሚናድ ከአንድ ቤተ ሰብ ዜና መዋዕል ይረዳል።

ምድሩን እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1549 ዓ.ም. በ600 ፓውንድ የገዛው ሰር ዊልያም ካቨንዲሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ባሏን አግባብታ ወደ ትውልድ አገሯ ያመጣችው፣ እርሱም ከሞተ በኋላ የቤቱን ሥራ ያስቀጠለችው፣ አራት ባሎችን በየተራ አግብታ ሀብቷን ያበዛችው የሃርድዊክ ኤልሳቤጥ ናት። አራተኛው ባሏ የሽሩስበሪው ኧርል ጆርጅ ታልቦት፣ የስኮትላንድን ንግሥት ማርያምን በግዞት እንዲጠብቅ ከእንግሊዟ ንግሥት ታዞ ነበርና፣ ያች መከረኛ ንግሥት ከ1570 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ወደ ቻትስወርዝ እየመጣች ተቀምጣበታለች፤ ለእርሷና ለአሽከሮቿ ቀለብ የጠባቂዋ ንዋይ አለቀ፣ ትዳሩም ፈረሰ።

ከኤልሳቤጥ ዘር የተወለደው አራተኛው የዴቮንሺር ኧርል፣ ንጉሥ ያዕቆብ ዳግማዊን ጥለው የኦሬንጁን ዊልያም በ1688 ዓ.ም. ከጠሩት ሰባት ሰዎች አንዱ ስለ ነበረ፣ ውለታው ታስቦለት በ1694 ዓ.ም. መስፍን ተባለ። ይኸው ሰው የቤቱን የደቡብ ፊት ብቻ አድሳለሁ ብሎ በ1687 ዓ.ም. የጀመረውን ሥራ መተው ተስኖት፣ አራቱንም ፊት አፍርሶ ሲያሠራ ኖሮ፣ ሕንጻው በተፈጸመበት በ1707 ዓ.ም. ሞተ።

ስድስተኛው መስፍን ደግሞ በ1826 ዓ.ም. ወጣቱን ጆሴፍ ፓክስተንን በአትክልተኞቹ ላይ አለቃ አድርጎ ሾመው። ፓክስተን ያሠራው የመስተዋት ቤት ሠረገላ በመካከሉ የሚያልፍበት ሰፊ ነበር፤ የቆላውን አገር ዕፀዋት የሚያሞቁት ምድጃዎች ከመሬት በታች ተቀብረው፣ ከሰሉም የእንግዳ ዓይን እንዳያየው በዋሻ ውስጥ በሐዲድ ይጓዝላቸው ነበር። ፓክስተን በዚያው በቻትስወርዝ ያለማው የሙዝ ዘር በጌታው ቤተ ሰብ ስም ካቨንዲሽ ተባለ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚዘዋወረው ሙዝ አብዛኛው የዚሁ ወገን ነው። የመስተዋቱ ቤት ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰል ታጥቶ ዕፀዋቱ በብርድ ስላለቁ፣ በ1920 ዓ.ም. በፈንጂ ፈረሰ።

ከሁሉ የከበደው መከራ በ1950 ዓ.ም. መጣ። አሥረኛው መስፍን ሀብቱ ከውርስ ግብር እንዲድን አስቀድሞ ለልጁ አስተላልፎ ነበር፤ ስጦታው ሊጸናለት ሕጉ የሚጠይቀው አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ድንገት ስለ ሞተ፣ መንግሥት ከሀብቱ ከመቶ 80 እጁን ጠየቀ። ወራሹ መሬት ሸጠ፣ የታወቁ ሥዕላትን አስረከበ፤ ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ ያሠራችው የሃርድዊክ አዳራሽ እንኳ በ1959 ዓ.ም. ለዕዳው ተሰጠ። ቻትስወርዝ ራሱ የተረፈው ለሕዝብ ጉብኝት ክፍት በመሆኑና፣ በ1981 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ አስተዳደሩን ለበጎ አድራጎት ድርጅት በመልቀቁ ነው።

እንግዲህ መሳፍንቱ ቤቱን ያዳኑት ጌትነታቸውን በመተው ነው፤ ዛሬ የዴቮንሺር መስፍን በአባቶቹ ቤት የሚኖረው ለድርጅቱ ኪራይ እየከፈለ ነው።